ጎህ ሲቀድ ከቡሬ በርበሬዬን የሚነካው

በሞቴ፣ ከእንግዲህ በርበሬ ልትገዙኝ ስትመጡ ስልካችሁን ቤት ትታችሁ ኑ። ዓይናችሁንና ምላሳችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ቅመሱ፣ አስነጥሱ፣ ተከራከሩኝ፣ ሂዱ። ስልኩን ግን ተዉት። ለምን እንደምል ልንገራችሁ። የምትጽፈው የልጅ ልጄ ሰብለ ናት። እኔ ፊደልን የማውቀው ከሩቅ ነው፣ እንደተጣላ ዘመድ። እሷ "እምዬ፣ እንዲያ አይባልም" እያለች ታርመኛለች፣ እኔ ያረመችውን አልሰማም፣ ተስማምተን እንኖራለን።

ፍኖተ ሰላም ላይ በርበሬ እደልዛለሁ። ድሮ ብቻዬን አልነበርሁም። ይመኙሻል የምትባል ባልንጀራ ነበረችኝ። አብረን ስንቀነጥስ፣ አብረን ስናሰጣ፣ አብረን ስንወቅጥ ነው ያረጀን። አንድ ሙቀጫ ያሳላቸው ሰዎች ከእናት ልጅ ይበልጣሉ። ከሁለታችን ቀድማ የሞተችውን፣ የቀረችው ነፍሷን ሳታሳርፍ ላትቀመጥ ተማምለን ነበር። ተዝካሯን አይታ፣ ጸሎቷን አስደርሳ። "ነፍሴ በየዱሩ ብትንከራተት አንቺን ነው የምይዝሽ!" ትለኝ ነበር እየሳቀች። እኔም እስቅ ነበር። ሰው እየሳቀ የማለው መሐላ ነው ኋላ የሚያስለቅሰው።

ሰብለ ኮሌጅ ገብታ ማርኬቲንግ ተማርሁ አለችኝ። ምንድን ነው ስላት መሸጥ ነው አለች። ወይ ጉድ! እኔ መሸጥን አራስ ሆኜም አላቋረጥሁት፣ አንድም ቀን ደብተር አልገዛሁለት። "ይሁን፣ የተማርሽውን አሳዪኝ" አልኋት።

ያሳየችኝ ይሄን ነው። በርበሬውን ፎቶ አነሳች፣ የምሸጠውን ቋንጣዬንም አነሳች፣ እኔና ይመኙሻል ስንወቅጥ ቪዲዮ ቀረጸችን። ቪዲዮው አጭር ነው። ይመኙሻል ዘነዘናውን ታነሳለች፣ ታወርዳለች፤ ብናኙ ጉሮሮዋን ይይዛትና ትን ይላታል። ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ "ማን ነው ደግሞ ስሜን የሚያነሳው?" ትላለች። ትን ያለው ሰው የሆነ ቦታ ስሙ ተነስቷል ነው የኛ አገር ነገር። እኔ ጎኗ ሆኜ በጥርሴ ብቻ እታያለሁ። ያም አንድ ጥርስ ነው።

ሰብለ ይሄን ሁሉ ገጽ የሚሉት ነገር ላይ አኖረችው። የገጹ አድራሻ ግን እንደ እባብ የረዘመ ሆነ። "እሱን የሚያሳጥር ድርጅት አለ፣ በነፃ ነው" አለችኝ። በነፃ ስትለኝ መጠርጠር ነበረብኝ። ሳይጠሩት ገብቶ በነፃ ጠላ የሚያጠጣችሁ ሰው ወሬ ፈልጎ ነው። አጥሮ የሚወጣው ሰማያዊ ጽሑፍ ነው፤ ሊንክ ይሉታል። ሰብለ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የየራሱን ሊንክ በስልኩ ላከችለት፤ ለይመኙሻልም የቪዲዮውን በስልኳ ላከችላት። የበርበሬው ለብቻ፣ የቋንጣው ለብቻ። ሰው ሲነካው በርበሬውን ያያል።

ሊንኩ ደግሞ ሰውየውን ያያል።

ይሄንን የሰማሁት አንድ ማለዳ ሰብለ ስልኳን እያየች፣ "እምዬ፣ የሺ እኮ ትናንትም በርበሬዎን አይታለች" ስትለኝ ነው። የሺ ጎረቤቴ ናት፤ "የአንቺን በርበሬ መቼ አየሁት" ብላ የምትምል። በየት በኩል አወቅሽ ብላት፣ ሊንኩ ማን እንደነካው፣ በምን ዓይነት ስልክ እንደነካው፣ በስንት ሰዓት እንደነካው፣ በየት ከተማ ሆኖ እንደነካው ይነግረኛል አለች። "ከተማውን እንኳ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ ሁላችንንም አዲስ አበባ ነው የሚለን" አለች።

ያኔ እኮ ዘመኑ አንድ ለአምስት የምንጠረነፍበት ነበር። ማን ቤት ማን እንደገባ፣ ማን እንዳደረ ጠርናፊያችን ያውቃል እያልን በሹክሹክታ ነበር የምናወራ። እሱ ምስኪን ግን በእግሩ ነበር የሚዞር። ዝናብ ሲመጣ ይቀራል። ውሻ ካለ አይገባም። ይሄኛው ዝናብም አያስቀረው፣ ውሻም አይጮኽበት።

ደግሞስ ሰው ይቆጠራል? ከብት አይቆጠርም፣ ልጅ አይቆጠርም። ዳዊት እንኳ ዳዊት ሆኖ ሕዝቡን ቢያስቆጥር መቅሰፍት ወረደ፤ ይሄን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ የሰማሁት ነው። ይሄን ሁሉ ለሰብለ ነገርኋት። ነግሬያት ስጨርስ ምን አልሁ መሰላችሁ?

"እስቲ ደግሞ የአባን ንገሪኝ።"

እንዲህ ናት አያታችሁ! አባ የንስሐ አባቴ ናቸው። ለሳቸው ኃጢአቴን የምነግር እኔ፣ የሳቸውን ኃጢአት ሳልጠየቅ ሰማሁት። በሁዳዴ ጾም፣ የአባ የቋንጣው ሊንክ ተደጋግሞ ተነክቷል! አፌ አላስቀመጠኝም። መስቀል ስሳለም ዝቅ ብዬ፣ "አባ፣ አይጨነቁ፣ ቋንጣው እስከ ፋሲካ ይቆይልዎታል" አልኋቸው። መስቀሉ ግንባሬ ላይ ቀረ። ኋላ ስሰማ ስልኩን የያዘው ልጃቸው ኖሯል። ልጁ ተገረፈ። ሊንኩ እኮ ጣቱን ያያል እንጂ ጣቱ የማን እንደሆነ አያይም። ይሄንን ያን ጊዜ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ የኋላው ጣጣ ባልመጣ።

የሺንም አልማርኋት። "ትናንት ራት ሳትበዪ በርበሬዬን ስታዪ ነበር አይዶል?" አልኋት። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው። ከዚያ ወዲያ በደጄ ስታልፍ ታማትባለች። ገበያም ላይ ሰው እየሸሸኝ መጣ። ዓይኔን ሲያዩ ስልካቸውን ኪሳቸው ይከቱታል። "ውቃቢ ቀርቧታል" ተባልሁ። እኔም እውነት ለመናገር ትንሽ ደስ ብሎኛል፤ ከዚያ በፊት የሚፈራኝ ድመቴ ብቻ ነበረች።

በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ሲወጣ ይመኙሻል ታመመች፣ ሞተች።

በአባቶቿ አጥቢያ፣ ቡሬ ቀበርናት። ባሏ አያ ደምሴ መቃብሩ አፍ ላይ ቆሞ ዕንባ አልወጣውም። እሱ ድሮም ሰው ፊት እሷን በስሟ ጠርቷት አያውቅ፤ "አንቺ" ነው የሚላት፣ እንደ አገሩ ወንድ። ሴቱ ሁሉ "ድንጋይ! አንዲት ጠብታ እንኳ!" አለው። እኔም ብያለሁ። ከዚያ ጓዙን ጠቅልሎ ቡሬ ከልጁ ቤት ገባ። የይመኙሻል ስልክ ግን ቢፈለግ ቢፈለግ ጠፋ። የሺ፣ "ከነስልኳ ሳትቀበር አልቀረችም" አለች። ታጥቦ የተገነዘ ሬሳ ስልክ በየት ኪሱ ይይዛል? ይሄን አሁን ነው የምጠይቀው። ያኔ ግን ዝም ብዬ ሰማሁ።

አርባዋ ወጣ። ተዝካሯ ተበላ፤ መሐላዬን ፈጸምሁ ብዬ ወገቤን ፈታሁ። አንድ ጠዋት ሐዘኑም ሲከብደኝ፣ "እስቲ ያንን የሰው ወሬ ክፈቺልኝ" አልኋት ሰብለን። ከፈተች። ዝም አለች። ሰብለ ዝም ስትል አልወድም፤ ልጅነቷን ሁሉ ዝም ያለችው የሆነ ነገር ሰብራ ነው።

"ምን ሰበርሽ?"

"እምዬ... የእማማ ይመኙሻል ሊንክ ተነክቷል።"

"መቼ?"

"ዛሬ። ጎህ ሲቀድ።"

"ከየት?"

አየችኝ። "ሌላውን ሁሉ አዲስ አበባ እያለ፣ የሳቸውን ቡሬ ነው የሚለው።"

ቡሬ! መቃብሯ ያለበት። በማግስቱም ጎህ ሲቀድ፣ የኪዳን ደወል ሲደወል፣ ከቡሬ አንድ ጊዜ ተነካ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ስልኩም የሷው ዓይነት ስልክ ነው። ደወሉን በሰማሁ ቁጥር ጠጉሬ ይቆማል። እዚህ ደወሉ ይደወላል፣ እዚያ አፈር ውስጥ የሆነ ጣት ይንቀሳቀሳል። ሰብለ ልታጽናናኝ፣ "እምዬ፣ ባትሪው እስካሁን ያልቅ ነበር እኮ" አለችኝ። "መብራት የሚጠፋው ለኛ ነው፣ ለሞተ ሰው ማን ያጠፋበታል" አልኋት።

አባ ዘንድ ሮጥሁ።

"አባ፣ የሞተ ሰው ስልክ ይነካል?"

እሳቸው የቋንጣውን ነገር አልረሱልኝም። "ይመኙሻል በሕይወት ሳለች ስልክ መንካት ታውቅ ነበር?"

"ኧረ፣ ሲደወልላት አረንጓዴዋን ብቻ።"

"ታዲያ ሞታ ማን አስተማራት?"

"አባ፣ አይቀልዱ፤ በርበሬውን እያየች ነው!"

"ሴትዮ፣ በአጸደ ነፍስ ወጥ የለም።" ቢሆንም ፊታቸው ትንሽ ተለወጠ፤ ጸበል በኮዳ ሞልተው ሰጡኝ። "ለሰውነትሽ ነው" አሉኝ።

እኔ ግን ለስልኩ አደረግሁት። ሰብለ ፊቷን ስትታጠብ ጠብቄ በስመ አብ ብዬ አጠመቅሁት። ጮኸ፣ ብልጭ አለ፣ ጠፋ። "ለቀቀ!" አልሁ እልል ብዬ። ሰብለ ሮጣ መጣች፣ የጮኸችውን ጩኸት እዚህ አልጽፈውም ትላለች። ስልክ ሲርስ ደረቅ ሩዝ ውስጥ ይቀበራል አሉ። እኛ ቤት ሩዝ የለም፤ ደረቅ ነገር ካልን ያለው በርበሬ ነው። በርበሬ ውስጥ ቀበርሁት። በስንት ጊዜው ነቃ፤ እስከ ዛሬም ይሠራል፤ ብቻ ጆሮው ላይ ያደረገው ሰው ሁሉ ያስነጥሳል።

ስልኩ ሲነቃ ይመኙሻልም ነቃች። ጎህ ሲቀድ፣ ከቡሬ።

ያን ጊዜ ነው ሁለተኛውን ስሕተት የሠራሁት። የማርያም ማኅበር ላይ ለአንዲት ሴት በጆሮዋ ነገርኋት፤ "ለማንም እንዳትነግሪ" ብዬ። እንዳትነግሪ ማለት እኮ ፈጥነሽ ንገሪ ነው። ጠበሉ ሳይቀዳ ማኅበርተኛው ሁሉ አወቀ። "ነፍሷ አላረፈችም፤ በርበሬው ነው ያሰራት፣ ያን ገጽ ዝጉላት!" ተባለ። አባም፣ "የሞተ ሰው ድምፅ ገበያ ላይ አይውልም፤ ዝጉት" አሉ። መሐላዬ ትዝ አለኝ። ነፍሴ ብትንከራተት አንቺን ነው የምይዝሽ። ሰብለን፣ "ዝጊው" አልኋት። ገጹን ከነበርበሬው፣ ከነቪዲዮው ዘጋችው። "ሂጂ እንግዲህ፣ እረፊ" አልሁ ወደ ቡሬ ዞሬ።

በማግስቱ ሰብለ ስልኩን ይዛ ስትመጣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

"ገጹ የለም። ሊንኩ ግን መነካቱን ይቆጥራል፤ ወዴትም ባይወስድም ይቆጥራል። እምዬ... ያ ጎህ ሲቀድ አንዴ የሚነካው፣ ዛሬ መነካት አላቆመም። ይኸው አሁንም።"

አየሁት። ማንበብ አልችልም፤ ቁጥሩ ሲንቀሳቀስ ግን ያስታውቃል። ዝም ይልና ይጨምራል። ዝም ይልና ይጨምራል። የተዘጋ በር የሚያንኳኳ ሰው ታውቃላችሁ? እንዲያ ነው። መጀመሪያ በቀስታ፣ ኋላ በጡጫ። ባልንጀራዬ ውጭ ቆማ በር ትደበድባለች፤ የዘጋሁባት እኔ ነኝ።

"ተነሽ፣ ቡሬ እንሂድ" አልኋት።

ሚኒባሱ ውስጥ ሰብለ ቁጥሩን እያየች ነበር የሄደችው። ማንኩሳን ስናልፍ ጨመረ። ቡሬ መግቢያ ስንደርስ ጨመረ። ረዳቱ ስልኩን "እስቲ ልየው" ብሎ ወሰደና አስነጠሰ፤ ማንም አልሳቀ። መጀመሪያ መቃብሯ ሄድን። ሣር በቅሎበታል። ጆሮዬን ምድር ላይ ለጥፌ አዳመጥሁ። ወገቤ ተያዘ፣ መነሳት አቃተኝ፣ ሰብለ እየጎተተች አነሳችኝ። ከጉንዳን በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም።

"ቁጥሩስ?"

"አሁንም ጨመረ።"

እንግዲህ ከመቃብሩ አይዶለም። ሰብለ፣ "ልጃቸው ቤት እንጠይቅ" አለች። ልጁ ማሳ ወጥቷል። ምራቲቱ፣ "አባቢ ከጓሮ ናቸው፤ ዛሬ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ እህል አልቀመሱም" አለችን። ዞርን።

አያ ደምሴ ጌሾው ሥር ተቀምጧል። ጋቢውን እንደ ድንኳን ራሱ ላይ ጥሎ፣ በሁለት እጁ አንድ ነገር ይዟል። አውራ ጣቱ ትወርዳለች፣ ትነሳለች። ትወርዳለች፣ ትነሳለች። ልክ እንደ ዘነዘና።

የይመኙሻል ስልክ ነው።

ቀና ብሎ አየኝ። ሰላምታም የለ። "ጠፋች" አለኝ። "እስከ ትናንት ነበረች። ዛሬ ይሄን ሰማያዊውን ብነካው ብነካው አትመጣም። ሁለተኛ ሞተችብኝ።"

ሰዎች፣ ያ ሴቱ ሁሉ ድንጋይ ያለው ሰው ዕንባው በጺሙ ይወርዳል። እሷን የዘጋሁት ለሷ ዕረፍት ብዬ ነበር፤ በሩን የሚደበድበው ግን እሷ አልነበረችም።

"ሰብለ፣ ክፈቺው!" አልሁ። "አሁን! በሞቴ!"

የሱ ስልክ ቢይዝም፣ የሰብለ በርበሬ የቀመሰ ስልክ ኔትወርክ አልይዝ አለ። ሰብለ በድንጋይ ካቡ ላይ ወጣች። የለም። እበት ክምሩ ላይ ወጣች። አንድ መስመር መጣ፣ ጠፋ። እዚያው ክምሩ ላይ ቆማ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ እያስነጠሰች፣ ስንት ጊዜ ሞክራ ከፈተችው። "አሁን ይንኩት፣ አያ" አለች።

ነካው።

መጀመሪያ የዘነዘናው ድምፅ መጣ። ከዚያ ያ ሳል። ከዚያ፣ በሕይወት እንዳለች፣ ጌሾው ኋላ የቆመች ያህል፦

"ማን ነው ደግሞ ስሜን የሚያነሳው?"

አማተብሁ። አያ ደምሴ ግን እኛ መኖራችንን ረስቶ፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ፣ በዚያ እርጅና ባጎረነነው ድምፁ፣

"እኔ ነኝ፣ ይመኙሻል። እኔ ነኝ" አለ።

በስሟ ጠራት። በሕይወቷ ሰው ፊት ያላደረገውን። ለካ በየጎሁ፣ ደወሉ ሲደወል፣ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ጓሮ ይወጣል። እሷ ትጠይቀዋለች፣ እሱ ይመልስላታል። አንድ ጊዜ። ከዚያ ስልኩን ደረት ኪሱ ይከተዋል። ለልጁም አላሳየው።

ዕንባውን ጠርጎ ዞረ። አሁን ነው ማን እንደሆንን በቅጡ ያየን።

"ቆይ፣ እናንተ ምን አመጣችሁ? እዚህ መሆኔን ማን ነገራችሁ?"

ሰብለ እግሯን አየች። እኔ ነገርሁት። እሱ በነካው ቁጥር እኛ ቤት እንደሚታወቅ፣ ጎህ ሲቀድ መሆኑ፣ ቡሬ መሆኑ፣ ማኅበሩም እንደሰማ። ሁሉንም። አዳመጠኝ። ጋቢውን ቀስ አድርጎ ወደ ፊቱ ሳበው፤ ዓይኑ ብቻ ቀረ።

"ታዲያ" አለኝ፣ "ያን ሁሉ ጎህ እናንተም እዚሁ ተቀምጣችሁ ነበር?"

አያ ደምሴ በኛ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ብቻ፣ "እኔኮ ብቻችንን ነን ብዬ ነው" አለ።

የሙት መንፈስ ፍለጋ ስሄድ፣ በሰው ቤት ሳይታይ የሚቀመጠው መንፈስ እኔው ኖሬያለሁ።

ሰብለ ከጎኑ ተቀመጠች። ቪዲዮውን ራሱ ስልኩ ውስጥ ከተተችለት፤ ሊንክ የለ፣ ገጽ የለ፣ ኔትወርክ የለ። "አሁን ማንም አያይዎትም፣ አያ። ደጋግመው ይንኩት" አለችው። ሁለት ጊዜ አስምሏታል። እኔም ወጣ ስንል፣ "አያ፣ ማኅበሩን ነፍሷ አርፋለች እላቸዋለሁ። ሌላውን ምንም አልልም" አልሁት።

"ይሁን። አርፋለች በይ" አለ።

ይሄን እንዳስጽፍ የፈቀደልኝ ራሱ ነው፣ ስሜን ለውጪው ብሎ። ለውጬዋለሁ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። በሳምንቱ ሰብለ ሊንኮቹን ሁሉ ለማጥፋት ከፈተቻቸው። የየሺን አጠፋች፣ የአባን አጠፋች። የይመኙሻል ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

"ተነክቷል" አለችኝ።

"አያ ደምሴ አሁን ምን ያስነካዋል?"

"እሳቸው አይደሉም። ሮቦት ይሆናል እምዬ፤ ሊንክ እየዞረ የሚነካ ሮቦት አለ። ድርጅቶቹ ይልኩታል።"

"መቼ ነው የነካው?"

"ጎህ ሲቀድ" አለች፣ ስልኩን ጭኗ ላይ ገልብጣ። እኔም የኪዳን ደወል የሚጠብቅ ሮቦት እንዴት ያለ ነው ብዬ አልጠየቅኋት። "አጥፊው" አልሁ፣ "አትቁጠሪ። ነካም አልነካም የራሱ ጉዳይ ነው። ሰው አይቆጠርም። የሞተ ደግሞ ጭራሽ።" አጠፋችው። ድርጅቱ ዘንድ ይጥፋ አይጥፋ ግን እሷም አታውቅ።

ይሄንን የምትጽፈው በዚያው በርበሬ በበላው ስልክ ነው። ለናንተ ስትልክ በአጭሩ እንዳትልከው አዝዣታለሁ። ረጅሙን ላኪላቸው፣ እንደ እባብ ይርዘም። ማን እንዳነበበው፣ ማን ጓሮ ገብቶ እንዳነበበው፣ ማን ስቆ ማን እንዳለቀሰ አልወቅ። ብቻችሁን ሁኑ።

አሁን፣ ይቺን ሳስጽፍ ትን አለኝ። ሰብለ ጽሑፉን አቁማ አየችኝ፤ "የስልኩ በርበሬ ነው" አለች፣ ውኃ አቀበለችኝ። ይሆናል። ውጭ ደወሉ ተደውሏል፣ ሰማዩም ቀላ ብሏል።

ማን ነው ብዬ ግን አልጠየቅሁም።